ከባልዲ የሚበላ አውሬ

ከባልዲ የሚበላ አውሬ አድናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አድኛለሁ። ለዚያውም ፊቴን አረንጓዴ ቀለም ተቀብቼ፣ በሆዴ እየተሳብኩ፣ ለዚህም ክብር ከኪሴ ከፍዬ። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ያለ ቅደም ተከተል ማውራት አልችልበትም።

አትላንታ፣ ብሩክሄቨን ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ክኒን እቆጥራለሁ። እኔ ከቆጠርኩ በኋላ ማሽኑ ይቆጥራል፤ ማሽኑ ከቆጠረ በኋላ እኔ ደግሜ እቆጥራለሁ። ማሽኑን ስለማላምነው አይደለም። ከእኔ ጋር ሲስማማ ሁለታችንም የተሳሳትን ስለሚመስለኝ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከቀስት ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል። አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ያለው የቀስት መለማመጃ አዳራሽ የገባሁት ትከሻዬን ለማፍታታት ነበር። ከዚያ ወድጄው ቀረሁ። ዒላማው ላይ ክብ ክብ መስመር አለ፤ ምን ያህል እንደሳታችሁ እዚያው ይነግራችኋል። በሌላው የሕይወት ክፍል ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው የምሰቃየው።

ጥፋቱ ናቲ ይህን ማወቁ ነው። ናቲ የአክስቴ ልጅ ነው። እዚሁ አትላንታ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ጥሩ ሥራ ያለው፣ የማያውቀውን ነገር ሁሉ በስልኩ ቡክ የሚያደርግ ልጅ።

እኛ ስኮትዴል ያለን ሰዎች በየዓመቱ ለፋሲካ ቅርጫ እንገባለን። ከከተማ ወጣ ካለ እርሻ በሬ እንገዛለን፣ ጋሽ ታፈሰ ያርዱታል፣ መደብ መደቡ ይዘረጋል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይገባል። ጋሽ ታፈሰ ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ። ያ ግን እንጀራቸው ነው። ማንነታቸው ቢላዋቸው ነው። በሬውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ካላረዱት ከቅርጫው ሰው አንድም የሚቀምስ የለም። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው። ወድቆ ይሙት፣ ታሞ ይሙት፣ በፍላጻ ይሙት፣ ያው በክት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

እናም ናቲ በዚያ ዓመት ምን አለ? «ብሮ፣ ኤቭሪ ይር በሬ፣ በሬ፣ በሬ። ዘንድሮ ባይሰን እናድርግ።»

ባይሰን የአሜሪካ ጎሽ በሉት። ከበሬ የሚገዝፍ፣ ከአንገቱ እስከ ትከሻው ጋቢ የደረበ የሚመስል ጠጉራም እንስሳ ነው። አንድ ባለሀብት በግል መሬቱ ላይ እያረባ፣ ጋይድ የሚሉት አሳዳኝ መድቦ፣ በቀስት ያሳድናል። ናቲ ዴፖዚቱን፣ ቀብዱን ማለቴ ነው፣ አስቀድሞ ከፍሎ ኖሯል። የሚመለስ ዴፖዚት አይደለም። ሁላችንንም ሰብስቦ ያማከረን ከከፈለ በኋላ ነው፤ ይህንንም ምክክር ይለዋል።

ጋሽ ታፈሰ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ይታረዳል?»

«አዎ ጋሽዬ፣ ቶክ አድርጌያቸዋለሁ። ሪሊጂየስ ነው አልኳቸው፣ ቶታሊ ሪስፔክት እናደርጋለን አሉኝ። አንተ ቢላህን ይዘህ ና።»

ጋሽ ታፈሰ «አንተ» መባሉን ዋጥ አደረጉት። ናቲን ከለመዱት ቆይተዋል። ቀስቱን ማን ይያዝ ሲባል ደግሞ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

አሁን የገባሁበትን ጣጣ ተመልከቱልኝ። ወሩን ሙሉ ሳነብና ስለማመድ ከረምኩ። አዳኝ የሆነ ሁሉ የሚስማማበት ነገር ቢኖር ፍላጻው ሳንባውን አግኝቶ እንስሳው ሳይሰቃይ ቶሎ መሞት አለበት የሚለው ነው። ጥሩ። ጋሽ ታፈሰ ግን ቢላዋው ሲደርስ በሕይወት እንዲቆያቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ በደንብ ከወጋሁት ማንም አይበላም፤ በደንብ ካልወጋሁት እኔ ጨካኝ ነኝ። ጎበዝ በሆንኩ ቁጥር የሠላሳ ቤተሰብ ፋሲካ ይበላሻል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስፖርት አለ?

የስቅለት ዕለት ስግደቱ እንዳለቀ ይህንኑ ለጋሽ ታፈሰ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«እግሩን ውጋልኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው» አሉ።

«ጋሼ፣ እግሩን መውጋት ነውር ነው። ሕጉም አይፈቅድም።»

«እንግዲያው ወግተህ ዞር በል። እኔ እሮጣለሁ።»

ጋሽ ታፈሰ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ሻትሉ ላይ ሲወጡ እንኳ በሩን ይዘው ነው። እኔም ቤቴ ገብቼ እሮጣለሁ ያሉት ርቀት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ሳሰላ አመሸሁ። ስሌቱ አላማረኝም።

ቅዳሜ ሹር ጠዋት ናቲ እየነዳ ሦስታችን ሄድን። ጋሽ ታፈሰ አክፍለዋል፤ ከስቅለት ጀምሮ ውኃም አልቀመሱም። ቢላዋቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው። መንገዱን ሙሉ የተናገሩት «ሳይሞት ይደረስበት ይሆን?» የሚለውን ብቻ ነው። ናቲም በየጊዜው «ዶንት ዎሪ ጋሽዬ» ይላቸዋል።

እዚያ እንደደረስን ጋይዱ ተቀበለን። ረጅም፣ ጨዋ፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። ፈርሙ አለን፣ ፈረምን። እኔ ሳላነብ ስለማልፈርም ሌሎቹ ቆመው ጠበቁኝ። እንስሳው መሞቱ ሳይረጋገጥ ከጋይዱና ከቀስተኛው በቀር ማንም ከመኪና እንደማይወርድ፣ ከጋይዱም በቀር ወደ እንስሳው ማንም እንደማይጠጋ ተጽፏል። ናቲን ጎተትኩት። «ይህ እኮ ካልነው ጋር አይሄድም» አልኩት። «ላያቢሊቲ ነው ብሮ፣ እንዳንከሳቸው ሁሉም ቦታ ይጽፉታል። ሂ ኢዝ ኩል» አለኝ። እኔም ያነበብኩትን ተጠራጥሬ ፈረምኩ። ማሽኑ ትክክል፣ ናቲ ትክክል፣ እኔ ብቻ ስሕተት። እንደ ወትሮው።

ከዚያ ድራማው ተጀመረ። ሰውነቴ በርበሬ በርበሬ እንዳይሸት መድኃኒት ረጩብኝ። ልብ በሉ፣ ጾም ላይ ነኝ፤ ሽሮ እንኳ በወጉ አልሸትም። ፊቴን ቀቡኝ። ቅጠል የመሰለ ልብስ አለበሱኝ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጋይዱ አፈር በትኖ አየ። ጋሽ ታፈሰና ናቲ የጋይዱ ፒካፕ መኪና ውስጥ ቀሩ፣ እኔና ጋይዱ ሣሩ ውስጥ በሆዳችን ተኝተን መሳብ ጀመርን። አትንፈስ ይለኛል በምልክት። አልተነፈስኩም። ክርኔ ተላጠ።

ቀና ስል ምን አየሁ? ባይሰኑ አጥር ውስጥ ቆሞ ያየኛል። ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ተንጠልጥሏል። ፊቱ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ውስጥ እህል አለ። እያላመጠ ነው የሚያየኝ። ይህ ሰውዬ ምን ጠፍቶት ነው መሬት ለመሬት የሚሄደው የሚል ይመስላል። ኋላ እንደገባኝ በየጠዋቱ ፒካፑ ጥሩምባ ሲነፋ ለምግብ የሚመጣው ራሱ ነው። ታዲያ ከማን ነው የምደበቀው? ሽታዬንስ የሚደብቁት ከማን ነው? በእግሬ ሄጄ እንደምን አደርክ ብለው ቅር የሚለው አይመስለኝም። ይሄን ጋይዱን በሹክሹክታ ብጠይቀው አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጎበዝ ማለቱ ነው።

ተነሥቼ በጉልበቴ ቆምኩ። ቀስቱን ሳብኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ቅጽበት እግሩንም፣ ከትከሻው ኋላ ያለውን የሳንባውን ቦታም አየሁ። የጋሽ ታፈሰ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ያነበብኩትም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሆን ብሎ አበላሽቶ መውጋት ግን አልቻልኩበትም። ክኒን አጉድሎ እንደመስጠት ሆነብኝ። ለቀቅኩት።

እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር ያለ አንዳች እንከን ሠርቼ አላውቅም። በዚያ ቀን ሠራሁ። ባይሰኑ ጥቂት ተራመደ፣ ቆመ፣ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከባልዲው አጠገብ ተኛ።

ወዲያው ወደ ፒካፑ ዞሬ እጄን አወዛወዝኩ። ጋሽ ታፈሰ ቢላዋውን ገልጠው የኋላውን በር ይጎትታሉ። በሩ አይከፈትም። ደግመው ይጎትታሉ፣ አይከፈትም። ለካ ጋይዱ አስቀድሞ በሩን በልጆች መቆለፊያ ዘግቶታል። ሕፃናት ሀይዌይ ላይ እንዳይወድቁ የተሠራውን ነገር፣ ዕድሜ ልካቸውን በሬ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ላይ። ናቲ ከፊት ወንበር «ዌይት፣ ዌይት» ይላል። እኔ ጋይዱን እለምናለሁ። ጋይዱ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ ቆይ፣ ለደኅንነታችሁ ነው ይለኛል። ሪስፔክት ማድረጉን ግን አላቋረጠም፤ ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

ጋሽ ታፈሰ መስኮቱን የሚወርደውን ያህል አወረዱ። በዚያች ክፍተት ቢላዋውን ወደ ምሥራቅ ዘርግተው «በስመ አብ» ማለት ጀመሩ። «ወመንፈስ ቅዱስ» ላይ ሳይደርሱ እንስሳው መተንፈስ አቆመ።

በሩ ሲከፈት ጋሽ ታፈሰ አልወረዱም። ቢላዋውን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት። ጋይዱ እጄን ጨብጦ እንዲህ ያለ ንጹሕ አመታት አይቼ አላውቅም አለኝ። ፎቶ ተነሣ አለኝ። ተነሣሁ። ፎቶው ላይ የሞተው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ስንወጣ ቢሮው ውስጥ አንድ ትልቅ ፍሪጅ አየሁ። የባይሰን ሥጋ፣ ተቆርጦ፣ ታሽጎ፣ ለፈለገ ሁሉ ይሸጣል። ዋጋውን አይቼ ናቲን ጠራሁት። «የስ፣ ግን ኤክስፒሪየንሱ የለውም» አለኝ። ክርኔን አሳየሁት።

በመንገድ ላይ ናቲ በመስኮት የተደረገው ቡራኬ እንዲቆጠር ተሟገተ።

«በመስኮት ቡራኬ የለም» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ሲወድቅም አይቻለሁ፣ ሲሞትም አይቻለሁ። በክት ነው።»

በቃ። ቅርጫው ፈረሰ። ሠላሳ ቤተሰብ በዶሮ ፈሰከ። አንድም ሰው አልተቆጣኝም፤ ሁሉም በኀዘኔታ ነው ያዩኝ። እሱ ነው የባሰው። ናቲ ሥጋውን ለአፓርትመንቱ ጎረቤቶች አደለ፣ እነሱም በየበረንዳቸው እየጠበሱ ሲያመሰግኑን ሰነበቱ። እኔ መጣል ስለማልችል አንድ ሣጥን ፍሪዘሬ ውስጥ አስቀመጥኩ። በየቀኑ በረዶ ባወጣሁ ቁጥር እያየሁት እናደዳለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ታፈሰን ሥራ ቦታቸው ላገኛቸው ሄድኩ። ሻትሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ሀምበርገር ይበላሉ። ባለ ሁለት ድርብ ሥጋ። ይህን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህንን ማን ባርኮ አረደው?»

አኝከው እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። አፋቸውን ጠረጉ።

«ይሄንን ሲሞት አላየሁትም» አሉኝ።

ሄድኩ። እስከ ቤቴ ድረስ ከመሪው ጋር እየተነጋገርኩ ነው የነዳሁት።

የሐዋርያት ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁ። ከዚያ «ያ ሥጋ ነገር፣ አለቀ?» አሉ።

«አንድ ሣጥን አለ። ግን እርስዎ ሲሞት አይቻለሁ ብለዋል።»

«እኔ?» አሉ። «የግራ ዓይኔ ሞራ አለበት እኮ፣ የኔ ልጅ። ሐኪሙ ኦፕሬሽን ብሎኝ ኢንሹራንሱን ነው የምጠብቀው። ከዚያ ርቀት ምን አያለሁ? አንድ ጥቁር ነገር ቆሞ ነበር፣ ከዚያ ተኛ። መተኛቱን ነው ያየሁት።»

እኚህ ሰው መንገደኛ ጭነው ሀይዌይ ላይ እንደሚውሉ ትዝ ቢለኝም ነገ ይምጡ አልኳቸው።

በማግሥቱ መጡ፣ ቢላዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው። ሥጋውን ከፍሪዘር አውጥቼ አሟሙቼዋለሁ። ምሥራቅ በየት በኩል ነው አሉኝ። በስልኬ ኮምፓስ ለካሁ፤ ተጠራጥሬ ደግሜ ለካሁ። ሣህኑን አዞርነው። ጋሽ ታፈሰ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው፣ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ብለው፣ ቢላዋውን አሳረፉበት። አንዱን ጉርሻ በሚጥሚጣ አጥቅሰው ዓይናቸውን ጨፍነው በሉ።

«ጥሩ ነው የወጋኸው» አሉኝ።

ጋይዱም ቢሆን ቅር ሊለው አይገባም። መሞቱ ሳይረጋገጥ ማንም አይጠጋ ብሎ ነበር፤ እኛም አልተጠጋንም።