ለወለሉ ክብር ሲባል

አንድ ቤተሰብ በሥልጣኔ ጎዳና ምን ያህል እንደተራመደ የሚታወቀው ከወለሉ ነው። ይህን ታላቅ እውነት የደረሰበት የቤቱ አባወራ ነው፤ የቢሮ ኃላፊ ስለሆነ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል። ሳሎኑን ኤፖክሲ የሚሉትን የወለል ቀለም አስቀባው። ቀቢዎቹ ያንን እንደ ማር የሚዝለገለግ ነገር አፍስሰው አስተካከሉት፤ ሲደርቅ ወለሉ መስተዋት ሆነ። ጣሪያው ከነአምፖሉ ታች ታየ።

የቤቱ አያት፣ አማቱ፣ ግን ልባቸው ድንግጥ አለ። የልጅ ልጃቸው ሚጡ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራለች፤ ዛሬ ነገ ትሄዳለች እየተባለ ነው። ያቺ ለጋ አናት እዚህ ላይ ብትፈጠፈጥስ?

«ልጄ፣ አያንሸራትትም?»

«እማማ ደግሞ! ይሄ እኮ የፋብሪካ ወለል ነው። መኪና ይሄድበታል።»

«መኪናውስ ይሂድ። ሚጡስ?»

አባወራው ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የወለሉን ደኅንነት የሚመለከት መመሪያ አወጀ። ጫማ ስለሚጭር ተከለከለ። ባዶ እግርም ዱካ ስለሚተው ተከለከለ። የተፈቀደው ካልሲ ብቻ ሆነ። መመሪያው ሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ቀን፣ አውጪው ራሱ ከበሩ እስከ ሶፋው ድረስ በጀርባው ተጓዘ።

«ወይኔ ወገቤ!»

«እኔን ይድፋኝ! ተሰበርክ ልጄ?»

«እኔን ተዉኝ! ወለሉ ተጫረ እንዴ? እሱን እዩልኝ!»

እግዜር ይመስገን፣ አልተጫረም። ማሻሻያውም ሳይውል ሳያድር ወጣ፤ ማንኛውም የቤተሰብ አባል ጉልበቱ ላይ ጨርቅ አስሮ በእምብርክክ ይንቀሳቀሳል። አርቆ አሳቢነት ማለት ይህ ነው፤ የሚወድቅ የለም፣ ወለሉም በዚያው ይወለወላል። እናትየው የሻይ ትሪውን በግንባሯ እየገፋች ታቀርብ ጀመር። ለእንግዳም በር ላይ ጨርቅ ይታደላል። የቢሮ ባልደረቦቹ እየዳኹ ጎበኙና «ድንቅ ነው! ፊቴ ሳይቀር ይታየኛል!» አሉ። አፍንጫቸው ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበርና በእርግጥም ይታያቸው ነበር።

ሚጡ ይህን ሁሉ አየች። ግድግዳውን ለቀቀች፣ ዘፍ ብላ ቁጭ አለች፣ መዳህ ቀጠለች። ትልልቆቹ የማይሠሩትን እሷ ምን ቤት ናት?

«ኧረ ልጅቷ መቆም ተወች!» አሉ አያት።

«ሥነ ሥርዓት አላት ማለት ነው» አለ አባት፣ ከሶፋው ሥር ሆኖ።

አያት እህል አልወርድ አላቸው። ሚጡ እየዳኸች ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እየዳኸች ስትዳር ታያቸው። አንድ ጠዋት ብድግ አድርገው ሸካራው የጓሮ ሲሚንቶ ላይ አቆሟትና ራቅ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ነይ የኔ እናት! ነይ ወደ እማማ! አይዞሽ!»

ሚጡ ተንገዳገደች። ጣቶቿ ሲሚንቶውን ቆነጠጡ። ደግሞ አንዱን እግሯን አነሳች፣ ከዚያም ሌላውን።

«ኑ! ኑ ውጡ! ሚጡ ሄደች!»

አባት፣ እናት፣ ወለል ሊያዩ የመጡ እንግዶች፣ ሁሉም በደስታ እየጮኹ ከሳሎን ተግተልትለው ወጡ። ደፉን ተሻገሩ፣ ደረጃውን ወረዱ፣ ጓሮ ደረሱ። ውጭ ላይ ተነስቶ መቆም እንደሚቻል ትዝ ያለው ግን አልነበረም። ሁሉም በእምብርክክ።

ሚጡ የሚመጣውን ሰልፍ አየች። ቀስ ብላ መዳፏን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች፣ ጉልበቷን አስከተለች፣ እየሳቀችም ልትቀበላቸው ዳኸች።

የአባት ዓይን እንባ አቀረረ።

«አያችሁልኝ ልጄን? ወለሉ በሌለበት እንኳ ታከብረዋለች!»