ባቡሩ ለአረፋ ይገባል

ከተማችን ታሪክ ሠርታለች። መኪናን ከከተማ ዳር አቁሞ በባቡር መሀል አዲስ አበባ የመግባትን ሥልጣኔ በመስቃን ምድር በይፋ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ከተማ እሷ ናት። ባቡር የላትም። ሐዲድም የላትም። መኪናም ቢሉ ያላት የከተማው ጽሕፈት ቤት ፒክአፕ ብቻ ነው፤ እሱም ጎማው ከወለቀ ወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዶሮ ያሳድራል። ይሁን እንጂ ራዕይ ያለው አመራር በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ጉዳይ አይደናቀፍም።

ይህን ድል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅርብ የመመልከት ዕድል ያገኘሁት ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ምንተስኖት የሚመረቅ ነገር ከመገኘቱ በፊት የምረቃ ኮት የሚያሰፉ አርቆ አሳቢ ሰው ናቸው። እኔም ትከሻቸውን እየለካሁ ሳለ ነው ነገሩ የተወለደው።

ያመጡት እማማ ሃሊማ ናቸው። እማማ ሃሊማ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። በከተማችን እህል የሚፈጭበት ስለሌለ ሴቱ ሁሉ ኬሻውን ይዞ፣ የቀናው በጋሪ ያልቀናው በጀርባው፣ ቡታጅራ ድረስ ይሄዳል። የእማማ ሃሊማ ወገብ ግን ከእንግዲህ ቡታጅራ በቃኝ ብሏል። ወንድማቸው አብዱልሃፊዝ መርካቶ ይነግዳል፤ እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ እሱም ለአረፋ ቤቱ ይገባል። «ለሚመጣው አረፋ ባቡር ይዤላችሁ እመጣለሁ፤ እናንተ ቦታውንና ፈቃዱን ጨርሱ» ብሎ ደወለላቸው። እማማ ሃሊማም የጓሯቸውን እንሰት ግማሹን ነቅለው ቦታ አዘጋጁ። እንሰት መንቀል ለእኛ አገር ሴት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እኛ ዘንድ ወፍጮ ማለት በእጅ የሚፈጨው ድንጋዩ ነው። ሞተር ያለው፣ ዱግ ዱግ እያለ እህሉን የሚያደቀው፣ እሱ ባቡር ይባላል። እናቶቻችን «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» ሲሉ የሚይዙት ሻንጣ ሳይሆን ኬሻ ነው። አቶ ምንተስኖት ግን አባታቸው የዚሁ አገር ሰው ይሁኑ እንጂ እሳቸው ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው። ዱቄት በፌስታል ታስሮ ከሱቅ የሚገኝ ነገር እንደሆነ ያውቃሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ» አሉ እማማ ሃሊማ ሲገቡ።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ። ምን እንርዳዎት?»

«ወንድሜ ከመርካቶ ባቡር ሊያመጣልን ነው። ለአረፋ ይገባል። ቦታውን ከጓሮዬ ሰጥቻለሁ፤ የጎደለን ፈቃድ ብቻ ነው።»

አቶ ምንተስኖት እጃቸውን ለልኬት እንደ ዘረጉ ቀሩ።

«ባቡር?»

«ባቡር።»

«አንድ ግለሰብ?»

«ምን ችግር አለው? ሁለት ሱቅ አለው እኮ።»

አቶ ምንተስኖት ስለ መርካቶ ነጋዴ ከአባታቸው የሰሙትን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አመኑ።

«ኃይሉስ በምንድን ነው?»

«በናፍጣ። መብራት ካለም በመብራት።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ቆሞ ይጠብቃል። ምን ይሆናል?»

«ዘመናዊ ነው ማለት ነው! ሕዝቡስ ይጠቀምበታል?»

«ኧረ በገበያ ቀን ወረፋው አይቻልም። ገጠሩ ሁሉ ወደዚህ ነው የሚመጣው። ዋናው ግን ኬሻው ነው፣ ልጄ።»

«የጭነት አገልግሎትም አለው!» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«አቶ ምንተስኖት፣ እማማ ባቡር ሲሉ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተ እጅጌው ላይ አተኩር» አሉኝ። አተኮርኩ።

እማማ ሃሊማ የወደቀ አጥራቸውን ለማደስ ፈቃድ ጠይቀው ሁለት ክረምት አልፎባቸዋል። ባቡሩ ግን የቀረበላቸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተፈቀደ። ሲወጡ መንግሥትን እየመረቁ ነበር።

በማግስቱ «አቁመህ ተሳፈር» የተሰኘው ዐቢይ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። አቶ ምንተስኖት ሕዝቡን ሰብስበው እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ ባቡር ካለ ተሳፋሪ አለ፤ ተሳፋሪ ካለ መኪና አለው፤ መኪና ያለው ደግሞ የሚያቆምበት ይፈልጋል። ስለዚህ የቡታጅራው፣ የጉብሬው፣ የወልቂጤው ሳይቀር መኪናውን እየነዳ መጥቶ እኛ ጋ ያቆማል፤ ከዚያም ጋዜጣውን እያነበበ አዲስ አበባ ይገባል። አንድ ሰው ተነስቶ ወልቂጤ አዲስ አበባ የምትገባበት የራሷ መንገድ እንዳላትና ወደ እኛ መምጣት ዙሪያ ጥምጥም እንደሚሆንባት ተናገረ። አሉታዊ አስተሳሰብ እንዳይደግመው በጨዋ ደንብ ተመከረ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር።

መኪና ማቆሚያው የት ይሠራ? ባቡሩ የሚገባበት ቦታ ላይ ነዋ። በአንድ ሳምንት ጠጠር ተደፋ፣ ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ነጭ መስመር ተሰመረ። ቦታው ጠበበ ሲባልም ቀሪው የእማማ ሃሊማ እንሰት «ለልማት ተነሺ» ሆነ። እማማ ሃሊማ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መጡ።

«ልጄ፣ ቦታውን የሰጠሁት ለባቡሩ ነው እኮ!»

«አዎ እማማ። ባቡሩ ራሱ ግን ብዙ ቦታ አይፈጅም። ቦታ የሚፈጀው የተጠቃሚው መኪና ነው።»

«የባቡር ተጠቃሚ ምን መኪና አለው? አህያ ነው ያለው!»

«አህያ በመሪ ዕቅዱ ላይ የለም፣ እማማ።»

«ታዲያ ባቡሩ ሲመጣ የት ይተከላል?»

«አይተከልም» አሉ አቶ ምንተስኖት በርኅራኄ፣ «ይሄዳል።»

እማማ ሃሊማ ሰውየውን ትክ ብለው አዩአቸውና ወጡ። ከጓሯቸው ዳር፣ ከኮብልስቶኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የተገነደሰውን እንሰት እየነካኩ ሲያለቅሱ አየኋቸው። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። ይቅርታ፣ በጣም ኮራሁ ለማለት ነው።

በማቆሚያው ዳር ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ የመንገደኛ መጠለያ ቆመ። ከመጠለያው ፊት ሰሌዳ ተተከለ፦ «ይህ ቦታ ለባቡርና ለባቡር ተጠቃሚዎች ብቻ የተፈቀደ ነው። ለሌላ ዓላማ ማዋል በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ሙሀይሚን የሚባል ጥበቃም ተቀጠረ። ሙሀይሚን ሥራውን አክባሪ ስለሆነ ባዶውን ቦታ ከባዶነቱ የሚያጎድለው ሰው እንዳይገባ ቀን ከሌት ጠበቀ።

የአረፋ ዋዜማ ደረሰ። ከዞን እንግዶች መጡ፤ ድንኳን ተጣለ፤ አቶ ምንተስኖት ጥቁሩን ኮት ለበሱ። ኮቱ፣ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ በጣም አምሮባቸዋል። ሁሉም ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዙሮ ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ ቆመ። አብዱልሃፊዝ ከጋቢና ወረደ።

«ባቡሩስ?» አሉ አቶ ምንተስኖት።

«ያውና፣ ከኋላ ተጭኗል።»

«ተፈታቶ ነው? ቀሪው መቼ ይመጣል?»

«ምን ቀሪ አለው? ወንፊቱም አብሮ ነው።»

«ወንፊት?»

ሸራው ተገለጠ። አቶ ምንተስኖት ተንጠራርተው አዩ። ከዚያ በጆሮዬ አጠገብ በሹክሹክታ «ይሄ እኮ ወፍጮ ነው» አሉ።

«ወፍጮማ እናቴ ቤት አለ፣ ድንጋዩ» አለ አብዱልሃፊዝ፣ ጆሮው ቀጭን ነው። «ይሄ ባቡር ነው።»

አቶ ምንተስኖት ደም ሥራቸው ተገተረ። «ይህ ዕቃ እዚህ አይወርድም! ቦታው ለሌላ ዓላማ የተከለለ ነው! ጥበቃ!»

ሙሀይሚን ዱላውን ይዞ መጣ። እማማ ሃሊማ ግን ቀደሙት።

«ሙሀይሚን፣ ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እስቲ ይሄን ሰሌዳ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

ሙሀይሚን አነበበ። እንግዶቹም ሰሙ።

«ለባቡር ነው የሚለው?»

«ለባቡርና ለባቡር ተጠቃሚዎች ብቻ።»

«እስቲ እዚህ ካለው ውስጥ ባቡር የቱ ነው?»

ሙሀይሚን ወደ አዲስ አበባ መንገድ ተመለከተ። አንድ ባጃጅ ብቻ ይመጣል። ከዚያ ወደ አይሱዙው ተመለከተ። «ይሄ ነው፣ እማማ» አለ፤ አለና ዱላውን አስቀምጦ ለማውረድ ትከሻውን ሰጠ።

አቶ ምንተስኖት የዞኑን እንግዶች አዩ። ይሄ ባቡር አይደለም ካሉ እውነተኛው ባቡር መቼ እንደሚመጣ ሊናገሩ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሪባኑን መቀስ አነሱ።

«የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባቡሩ በተያዘለት ቀን ገብቷል!»

ባቡሩ መጠለያው ውስጥ ተተከለ። ዱግ ዱግ ሲል የመጀመሪያው ዱቄት ጥቁሩን ኮት ከአንገት እስከ ወገብ አለበሰው። እማማ ሃሊማ ትኩሱን ዱቄት በመዳፋቸው ይዘው አልሐምዱሊላህ እያሉ አነቡ። የእኔም ዓይን ውስጥ ዱቄት ገብቶ ነበር።

ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት በአገራችን ከተጻፉት ሁሉ እውነተኛው ሳይሆን አይቀርም። «ተጠቃሚዎች ተሽከርካሪያቸውን በማቆሚያው አቁመው በባቡሩ ከተገለገሉ በኋላ በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ» ይላል። ተሽከርካሪ የተባለው የአህያ ጋሪ ነው፤ በነጩ መስመር መካከል ቀጥ ብለው ሲቆሙ ማየት ያስደስታል። አቶ ምንተስኖት በዚህ ውጤት ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወሩ። የእማማ ሃሊማ እንሰት ግን አልተመለሰም፤ ኮብልስቶን ላይ እንሰት አይበቅልም።

ባለፈው ሰሞን ከጎረቤት ቀበሌ ሽማግሌዎች እማማ ሃሊማ ዘንድ ልምድ ሊቀስሙ መጡ። እኔም የባቡሩን ወረፋ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«እኛ በራሳችን ጉልበት የውሃ ጉድጓድ እንቆፍር ብለን ፈቃድ ስንለምን ጠጉራችን ሸበተ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ለእርስዎ ግን በአንድ ቀን ተፈቀደ አሉን። እንዴት ቢጠይቁ ነው?»

እማማ ሃሊማ ኬሻቸውን እያሰሩ ቀና አሉ።

«እናንተ ምን ብላችሁ ነው የጠየቃችሁት?»

«ጉድጓድ ብለን ነዋ!»

«አይ የዋህነት!» አሉ እማማ ሃሊማ። «ወደብ በሉ።»

ማመልከቻው ገብቷል። ትናንት አንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ከዚያው ቀበሌ ደውሎልኝ ነበር፤ ነጭ የመርከበኛ ኮት በምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚሰፋ ጠየቀኝ።