እታለምን ከፍላሽ ማውጣት

የሀገሬ ሰው ሐቀኛ ነው። በሬው ከጎረቤት ማሳ ገብቶ ጥቂት ጤፍ ቢቀነጥስ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ይጠይቃል። የማያውቀውን ዶሮ ከደጁ ቢያገኝ ባለቤቱ እስኪመጣ ጥሬ እየበተነ ያቆየዋል። ኮምፒውተር የገዛ እንደሆነ ግን ውስጡ ያለው ዊንዶውስ የተሰረቀ ነው። ማን ሰረቀው? አይታወቅም። የሸጠለት ሰው ከደሴ አምጥቶታል፣ የደሴው ከአዲስ አበባ፣ የአዲስ አበባውም ከሌላ ሰው። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ጠቅሼ አላውቅም። እሳቸውም አልጠየቁኝ። ምናልባት እሳቸውም ቤት አንድ አለ።

እኔም እንደ ሀገሬው ነበርኩ። መካነ ሰላም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ላፕቶፕ ገዛሁ። ከስክሪኑ ጥግ ላይ ፈቃድ የሌለኝ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፎ አይነቀልም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ገጹ ሁሉ ድንገት ይጠቁራል። ጥፋቱ የሠሪው አይደለም፤ የሰው ዕቃ ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም በጠቆረ ቁጥር ልቤ ትንሽ ትሸማቀቅ ነበር። ይህን መሸማቀቅ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ ኩራዝ አልነበረኝም። እኔና ታላቅ እህቴ ከክፉ ቀን ተርፈን፣ ከአምባ መቅደላ ወዲያ ተነስተን፣ በአጅባር አድርገን እዚህ ስንደርስ እኔ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ አሉ። እኔ አላስታውስም። እናታችን መንገድ ላይ ቀረች። እሷንም አላስታውስም። እህቴ ሰው ቤት ጠላ ጠማቂ ሆና ተቀጠረች፤ ለእኔም ከጋኑ ጎን መኝታ ተሰጠኝ። ማጥናት አልተከለከልኩም፤ ኩራዙ ግን የቤቱ እመቤት ንብረት ነው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። እንቅልፋቸው ሲመጣ እፍ ይሉታል፣ የጀመርኩት መስመር እዚያው ይቀራል። አንድም ቀን «ትንሽ ይቆዩልኝ» ብዬ አላውቅም። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል። በሰው ኩራዝም አይማሩም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ተምሬበታለሁ። አንዱ ዓይኔ ደብተሩ ላይ፣ ሌላው ዓይኔ ሴትዮዋ ላይ ሆኖ።

እህቴን እታለም ነበር የምላት። ያረፈችው አምና ከሁዳዴ በፊት ነው። ከማረፏ በፊት አንድ እሑድ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኬን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት፤ እናታችን ምን ትመስል ነበር? ፎቶ የለንም። እሷን የሚያውቅ ሌላ ሰውም በሕይወት የለም። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ አወራን። የተባባልነውን አጥብቄ አልያዝኩትም፤ ስልኩ ይዞልኛል ብዬ ተማመንኩ። መልሼም አላዳመጥኩትም። እሷ ራሷ በሕይወት እያለች ድምፅዋን ከስልክ ምን አሰማኝ? ካረፈች በኋላ ደግሞ ጆሮዬ እምቢ አለኝ። ስልኩ ሊሞት ሲያጣጥር ወደ ፍላሽ ገለበጥኩትና ፍላሿን ከማተቤ ጋር አሰርኳት።

አንገት ላይ የታሰረ ነገር በእኛ ሀገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። ቅሬ ላይ፣ ማለት ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው ማኅበራችን ተሰብስቦ ሳለ፣ ጋሽ ይመር ጠጋ ብለው አዩኝ።

«ደግሞ የየትኛው ደብተራ ነው?» አሉኝ። ፍላሽ ነው አልኳቸው። «ፍላሽ ለምን ይሆናል?» አሉ። ለናፍቆት ማለት ነበረብኝ፤ ለሥራ አልኩ። እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው፣ «ለወገብ የሚሆን ካለው ጠይቅልኝ እስቲ» አሉ።

የእታለም ሙት ዓመት ሲቃረብ፣ የእኔ ፕሪንተር ቀለም ጨርሶ ነበርና፣ የጥሪ ወረቀት ላሳትም ከአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ፍላሿን ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ የማይሰካ የለም፤ የተማሪው፣ የቢሮው፣ የሠርገኛው ፍላሽ ሁሉ ይሳለመዋል። ወረቀቱ ታተመ። ቤቴ ገብቼ ፍላሿን ስሰካት ፎልደሮቹ ስማቸው ብቻ ቀርቷል። «እታለም» የሚለውን ስነካው አይከፈትም። ደግሜ ስነካው የእኔም ላፕቶፕ ታመመ። ጭራሽ ገጹ ጠቆረና ስለ ፈቃዴ ይጠይቀኝ ጀመር። ሰው በሐዘኑ ላይ እያለ መታወቂያ ይጠየቃል?

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመለስኩ። ባለቤቱ ቀና ሰው ነው፤ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት እናድርገው፤ ያለው ሁሉ ይጠረግና ንጹሕ ይሆንልሃል» አለኝ። ንጹሕ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ቤት ሲቃጠልም ትኋኑ ይጠፋል። ፍላሿን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከጎረቤቴ ተከራይታ የምትኖር ዘሃራ የምትባል መምህርት አለች። የኩታበር ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ታስተምራለች። በሩ ላይ አገኘችኝና «ጋሼ፣ ፊትዎን ምን ነካው?» አለችኝ። ምንም አልኳት። «ይሄማ የምንም ፊት አይደለም» አለች። ነገርኳት፤ ስለ ፍላሿ እንጂ ስለ እናቴ አልነገርኳትም። «አብሽሩ፣ ምን አላት» ብላ የራሷን ፍላሽ ይዛ መጣች።

«የእርስዎን ዊንዶውስ አልነካም፤ ለዛሬ በእኔ እናስነሳው» አለችና ላፕቶፑን ከእሷ ፍላሽ አስነሳችው። የማላውቀው ገጽ መጣ። ሊኑክስ ነው አለችኝ፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ፕሮግራም። ከዚያ የእኔን ሰካች። ፎልደሮቼ በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ እዚያው ተደርድረዋል።

«ጠፍተው አይደለም እኮ፣ ተደብቀው ነው» አለች። «ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። ይኼኛው የእሱን ትእዛዝ አይሰማም።»

ቫይረሱም ከፎልደሮቹ መሀል ተጋድሟል፤ መሣሪያውን እንዳስረከበ ሽፍታ ምንም ማድረግ አይችልም። ዘሃራ ሰረዘችው። «እታለም» የሚለው ላይ ስትደርስ «ልክፈተው?» አለች። ቆይ አልኳት።

«ሰው የጠፋበትን ሲያገኝ ቆይ ይላል እንዴ?» አለች።

ወሬ ለማስለወጥ የሊኑክሱን ዋጋ ጠየቅኋት። በነፃ ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ በነፃ የሚሰጥ ነገር እፈራለሁ። በልጅነቴ በነፃ የጎረስኩት ጉርሻ ሁሉ ውሎ አድሮ ወሬ ሆኖ ተመልሶብኛል። ማን ሠራው? አልኳት። ብዙ ሰው፣ አለች። ባለቤቱስ? የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ አለች፤ ውስጡ ክፍት ነው፣ የቻለ ያሻሽለዋል፣ ያሻሻለውን መልሶ ለሁሉም ይሰጣል። «ወንፈል ትሉ የለ? እንደሱ ነው።»

«ወንፈል ላልመጣ ሰው አይታረስለትም» አልኳት።

«ይሄ ላልመጣም ያርሳል።»

እንዲህ ያለ ወንፈል በእኛ በመካነ ሰላሙ ቦረና አይቼ አላውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እዚህ ግን ሃምሳዎቹ ተሸክመውት መጥተው ሎሚውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ለሌላ ሰው ብሰጠው ሌባ እባላለሁ? ብዬ ጠየቅኋት። «እንኳን ሊባሉ፣ ፈቃዱ ራሱ ስጡ ነው የሚለው» አለች። እሺ፣ ጫኝልኝ አልኳት።

እነሆ ሊኑክስ ቤቴ ከገባ ወዲህ አሮጌው ላፕቶፕ ቀልሎታል። ድሮ አስነስቼው ወጥቼ ከጎረቤት ጋር የእግዜር ሰላምታ ተለዋውጬ ስመለስ ገና ያስብ ነበር፤ አሁን ወንበር ሳልስብ ይጠብቀኛል። የማንንም ፍላሽ ብሰካ እንቅልፌን አላጣም። ራሱን ማደስ ሲፈልግ አስፈቅዶ ነው። አማርኛውንም ያለ ክርክር ይጽፍልኛል። ጉድለት የለውም አልልም፤ ፕሪንተሬ አኩርፎት ሰነበተና ዘሃራ መጥታ አስታረቀቻቸው። ከቢሮ የሚላክልኝ ደብዳቤም አንዳንዴ መስመሩ ተዛንፎ ይከፈታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷልና፣ እሱም እንደኛው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ግን ማንም እፍ የማይልብኝ ኩራዝ አገኘሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሁለቱም ዓይኖቼ ገጹ ላይ ሆኑ።

ፎልደሩን ግን ቶሎ አልከፈትኩም። ዘሃራ ባገኘችኝ ቁጥር «ሰሙት?» ትለኛለች፤ እሰማዋለሁ እላታለሁ። ምን ልበላት? ፋይሉ እስካልተከፈተ ድረስ እናቴ ገና ልትነገረኝ ናት። አንድ የሚጠብቀኝ ነገር አለ። ከሰማሁት በኋላ ግን በዚህ ዓለም ላይ ስለ እሷ የሚነግረኝ አይኖርም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተም አምልጦኝ ነው።

በሙት ዓመቷ ዕለት እንግዳው ከተሸኘ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ ብቻዬን ተቀምጬ ከፈትኩት። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ከዚያ ዶሮ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፤ «እታለም፣ እናታችን ምን ትመስል ነበር?»

ጆሮዬን አስጠጋሁ።

የመጣው ግን የእኔው ድምፅ ነው። ረጅም ሳትሆን አትቀርም እያልኩ አወራለሁ። በሕልሜ እንዴት እንደማያት አወራለሁ። ከዚያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጋኑ፣ ስለ ሴትዮዋ ኩራዝ። ቅሬ ላይ «እሱ ከሚናገር ድንጋይ ቢናገር ይቀላል» የሚሉኝ ሰው፣ ለካ እሷ ፊት ጎርፍ ነበርኩ። እታለም «እህ» ትላለች። ጥቂት ቆይታ «እህ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ወደ ፊት አሳለፍኩት፤ እኔ ነኝ። አሁንም አሳለፍኩት፤ እኔው ነኝ። ያን ሰውዬ ጠላሁት። ሊኑክስ የተደበቀ ያወጣል፣ የታመመ ያድናል፤ ወሬኛን ከአምና ወሬው የሚያስቆም ግን አልተሠራለትም።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እታለም ሳቀች። ያ ሳቋ።

«እናታችን እኮ» አለች፣ «ቁርጥ እንዲህ ነበረች። ትጠይቅህና መልሱን ሳትሰማ ወሬዋን ትቀጥላለች።»

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው። ቀጥያለሁ።