እትዬ መስኮት

ያን ክረምት ሳስበው ዛሬም ጣቴ ይደነዝዛል። ዝናቡ አያባራ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። እኛ ስፌት ቤት ውስጥ ሹራብ በሹራብ ደርበን የስፌት መኪናችንን እንረግጣለን፤ መስኮቱ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። የከፈቱት ክብርት እትዬ መስኮት ናቸው።

ሴቶች በተሰበሰቡበት ሥራ ቤት ሁሉ አንዲት እትዬ መስኮት አትጠፋም። ዕድሜዋ ሃምሳን ነክቶ ወር አበባዋ ሲቆም ከውስጧ እሳት ይነሳባታል፤ እሱን ደግሞ እንደ ሌላው ሴት በሆዷ ይዛ አትቀመጥም፣ አገር ይስማልኝ ትላለች። የኛዋ ልብስ ተኳሽ ነበሩ። በአንድ እጃቸው ካውያ፣ በሌላው ማራገቢያ ያደረጉት ካርቶን፣ ላባቸው ጠብ እያለ «መጣ! መጣልኝ! ዞር በሉ!» ሲሉ፣ መንገደኛው እንግዳ የመጣ ይመስለዋል።

«ኧረ እትዬ፣ በብርድ ልናልቅ ነው!»

«ለብርዱማ ሹራብ አላችሁ። እናንተን የሚፈጃችሁ ይሉኝታ ነው!»

ከምሳ በኋላ ሁላችንንም ግድግዳ አስደግፈው ቁጭ ብድግ ያስደርጉናል፤ ጉልበታችን እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ «ይኸው፣ ዘይት ፈለገ!» ይላሉ። አንድ ቀን አሠሪያችን በር ላይ ቆሞ ሳለ «ጡታችሁን ዳበስ ዳበስ አድርጋችሁ አያችሁ?» ብለው ጮኹ። ሰውየው የመጣበትን ረስቶ ወደ ጓሮ ሸሸ።

እኔ ቁልፍ ተካይ ነበርኩ። ወር አበባዬ ከተሰናበተኝ ዓመታት አልፈው፣ በዚያ ክረምት ድንገት ተመለሰ። ደስ አይለኝ መሰላችሁ! ልጅነቴ የመጣ መሰለኝ። በምሳ ሰዓት ሹክ ብላቸው ሴቶቹ እልል አሉ።

«ባልሽን እናስጠንቅቀው?» አለች ጨርቅ ቆራጯ።

«ቀድሞ አልጋው ይጠገን!» አለች ሌላዋ።

እትዬ መስኮት ብቻ አልሳቁም። ካውያውን አቆሙና ሄደው መስኮቱን ዘጉት። ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው፣ አላቸው ብዬ በማልገምተው ለስላሳ ድምፅ፦

«እህቴ፣ ይኼ ልጅነት አይደለም። መታየት አለብሽ።»

«ምንም አያመኝም እኮ፣ እትዬ።»

«ባያምሽም። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጠብቂኝ።»

«ሐኪሙ ወንድ ቢሆንስ?»

«አንቺ ኮርኒሱን እዪ። እኔ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።»

ወንድ ነበር። ኮርኒሱን አየሁ፤ እሳቸውም እንዳሉት አደረጉ፣ ምስኪኑ ሐኪም አንዴም ቀና አላለም። ምርመራው ሲደርስ፣ ማህፀኔ ውስጥ ካንሰር በቅሎ ተገኘ። ገና ሳይሰራጭ በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት እትዬ መስኮት ይከፈት ብለው ከነርሷ ጋር ሲጨቃጨቁ ነው። መዳኔን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ስፌት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ተለያየን። መጨረሻ እንደሰማሁት፣ ከታናሽ ሴት ልጃቸው ጋር ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ ሦስተኛው ደርብ፣ በመንገዱ በኩል። እሳቱ ከበረደላቸው ቆይቷል አሉ። መስኮቱ ግን ክፍት ነው።