ጋዋኖች ሰው የተከራዩበት ቀን

የትናንት ሌሊቱ ሕልሜ ከመታየቱ በፊት ተሰማኝ። ጭብጨባ ነበር፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል፣ ማብቂያ የሌለው ጭብጨባ። ሕዝብ መስሎኝ ዞር ብዬ ባይ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አልተቀመጠም። የሚያጨበጭቡት ወንበሮቹ ነበሩ፤ መቀመጫቸውን ከመደገፊያቸው ጋር እያጋጩ።

መድረኩ ላይ መምህራን አንገታቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። ውጤት የሚሰጠው ጓደኛዬ ምንተስኖት ነው፤ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ለውዝ ይፈለፍላል። ምንተስኖትና ወይንሸት ከምሠራበት ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ባለው ግቢ የሚማሩ ተመራቂዎች ናቸው። አንደኛ ዓመት ሳሉ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ከፎቶ ቤቱ ጠፍተው አያውቁም። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ የግቢውን በር የማውቀው በውጭ በኩል ነው።

አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር ወደ ምንተስኖት ተጠግተው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ጨምርልኝ። ቤተሰቦቼ ከሩቅ መጥተዋል፤ በግ ተገዝቷል።»

«ክላስ አይገቡም ነበር እኮ ጋሼ።»

«አሞኝ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ለመሆኑ ምን ያህል ረሱ?»

«ግማሹን ረስቻለሁ፣ በእውነት።»

«የሚመረቀው የተማረውን ሁሉ የረሳ ነው። በሉ ለከርሞ!»

ፕሮፌሰሩ እያለቀሱ ወረዱ። ወንበሮቹ አጨበጨቡ።

ወይንሸት ክንዴን ያዘችኝ። «ዘሩ፣ ተነስ! ሦስታችን ፎቶ ሳንነሳ ተመራቂዎቹን የሚወስደው አውቶቡስ ሊሄድ ነው!»

እውነቷን ነው። አራት ዓመት ሙሉ እነሱን ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ ሦስታችንም ያለንበት ፎቶ ግን አንድም የለም። ካሜራው ጀርባ ሁልጊዜ እኔ ነኛ! በሕልሜ እንኳ ይሄ ነገር አልተረሳኝም። ሮጥን።

ፎቶ ቤታችን የምርቃት ጋዋን ያከራያል። ያን ቀን ግን በሩ ላይ የተሰለፉት ራሳቸው ጋዋኖቹ ነበሩ፤ ውስጣቸው ባዶ፣ ቆባቸው አየር ላይ። ሰው ሊከራዩ ነው የመጡት። ባለ ወርቃማ ጥለቱ ምንተስኖትን አዟዙሮ አየው።

«ትከሻው ደህና ነው። ላብ ያበዛል እንጂ... እሺ ይሁን፣ እስከ ማታ ልውሰደው» አለና ገባበት።

ሌላው ወይንሸትን መረጠ። እኔን የሚያይ ጠፋ። በመጨረሻ ብብቱ የተቀደደ አንድ አሮጌ ጋዋን ለመንኩ።

«አንተን?» አለኝ። «እኛ የስንቱ እናት ትከሻ ላይ ወጥተናል፣ የስንቱ አባት ትከሻ ላይ ወጥተናል፤ የዘበኛ ትከሻ ላይም ውለን እናውቃለን። ተመራቂ ሲደሰት የወደደውን ሁሉ ሲያለብሰን ነው የሚውለው። አንተን ግን ‹እስቲ እሱንም› ያለ ሰው አለ?»

አልነበረም።

«እንግዲያው!» ብሎኝ ሄደ።

«ተወው ባክህ፣ ምሳ ላይ ሌላ ጋዋን አናጣም» አለ ምንተስኖት።

በእውኑም ቢሆን በምርቃት ሰሞን ሥራችን ይኸው ነበር፤ የማናውቀው ሰው ድግስ ገብቶ መብላት። በር ላይ «በማን በኩል ናችሁ?» ስንባል ወይንሸት ዓይኗን ሳታሽ «በአባት በኩል» ትላለች። ሄዶ አባትየውን የሚጠይቅ የለም።

አሁን ግን ድንኳኑ በር ላይ እንግዳ የሚቀበለው በግ ነበር። የተመረቀው እሱ ነው፤ ጋዋኑም አምሮበታል። ባለቤቱ ሰውዬ ጓሮ በገመድ ታስሮ ሣር ያያል።

«በማን በኩል ናችሁ?» አለን በጉ።

«በአባት በኩል» አለች ወይንሸት።

የበጉ ዓይን እንባ አቀረረ። «አባቴን ታውቁት ነበር? አምና ምርቃት ላይ ነው ያጣሁት።»

ሦስታችንም መሬት መሬት አየን። አምና እዚሁ ድንኳን ገብተን ነበር።

«በጣም... ለስላሳ ሰው ነበሩ» አለ ምንተስኖት።

በጉ አንድ በአንድ አቅፎ ሳመን፤ ጥቅል ጎመንም አስቀረበልን። ገና ሳንጎርስ ካሜራዬ በሦስት እግሩ እየተንገዳገደ ገባ።

«አንተ፣ ዛሬ ጀርባዬ እንዳትቆም» አለኝ። «ጋዋን ባይኖርህም አነሳሃለሁ። ግባ!»

ምንተስኖትና ወይንሸት መሃላቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ወደ እነሱ ሄድኩ። በሄድኩ ቁጥር ቦታው ይርቃል።

«ና እንጂ አንተ ቀርፋፋ!» ጮኸ ምንተስኖት። «ፀሐይ በምዕራብ ልትወጣ ነው!»

እንደ ምንም ደረስኩ። ወይንሸት እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ካሜራው «ሳቁ!» አለ። ወንበሮቹ ጭብጨባውን አቀለጡት፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ...

ነቃሁ። የሚንጓጓው የፎቶ ቤቱ የብረት በር ነበር። የማድረው እዚያው ከጀርባ ስለሆነ እየተደናበርኩ ከፈትኩ። ወይንሸት ናት። ሻንጣዋ እግሯ ሥር፣ ትናንት የተመረቀችበት ጋዋን ክንዷ ላይ።

«ምንተስኖትስ?» አልኳት።

«ሌሊት ሄደ እኮ፤ አባቱ መኪና አግኝተው። ዘሩን ልቀስቅሰው ስለው፣ ‹ተይው ይተኛ› አለኝ።»

ጋዋኑን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ዘርግታ ካናቴራዬ ላይ አለበሰችኝ፤ ቆቡን ደፋችልኝ፤ ስልኳን አውጥታ ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

«ደረትህን ንፋ፣ ተመራቂ!»

ነፋሁ።

«አንቺስ? ነይ አብረን እንነሳ። ቆይ፣ የካሜራውን መቆሚያ ላምጣ...»

ቀጭ አደረገችው። ስልኳ ላይ አቀርቅራ ፎቶውን ብዙ አየችው። ከዚያ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሻንጣዋን አነሳችና መንገዱን ተሻግራ ግቢው በር ላይ የቆመው አውቶቡስ ውስጥ ገባች። ዞራም አላየችኝ።

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፍቶ ሲሄድ እኔ በባዶ እግሬ፣ ጋዋን እንደለበስኩ፣ ደረቴን እንደነፋሁ ነበርኩ።