የኦቦ ሙሜ ጉድለት

እኛ አገር ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ዕቃው አይደለም፤ ሰው ነው። ከጓዳ ስኳር ሲያልቅ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከቢሮ ወንበር ሲታጣ ዘበኛው አስቀድመው ይጠራሉ። ዕቃው በኋላ ከአልጋ ሥር ሊገኝ ይችላል። ሲገኝም «እሰይ፣ ተገኘ!» እንባባላለን እንጂ ወደ ሠራተኛዋ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እናንተ ቤት እንዲህ አይደረግም? እንግዲያው ተባረኩ፤ ይህን ወግ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።

ቀድሞ ግን ጉድለት ራሱ ይሉኝታ ነበረው። የጭሮው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ሐጂ አህመዴ መጋዘናቸውን የሚቆጥሩት በዓይናቸው ነበር። በሩ ላይ ቆመው የሲሚንቶውን ክምር ከላይ እስከ ታች ያዩና «አልሐምዱሊላህ» ካሉ ሞልቷል፣ ዝም ካሉ ጎድሏል ማለት ነው። የጎደለውን ዝናብ አበላሽቶት ይሆናል፣ ለመስጊድ ግንባታ ተሰጥቶ ተረስቶም ይሆናል፤ ብቻ አንድ ነገር ተብሎ ይታለፋል። ኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎልማሳ ኮምፒውተር አምጥቶ የሂሳብ ፕሮግራም ጫነላቸው። ፕሮግራሙ ይሉኝታ የሚሉት ነገር አልፈጠረበትም። ጎደለ ያለውን በቀይ ጽፎ፣ አትሞ፣ ፊታቸው ያስቀምጥ ጀመር።

የመጋዘኑ ቁልፍ የነበረው በኦቦ ሙሜ እጅ ነው። ኦቦ ሙሜ የሐጂ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። ሱቁ ገና አንድ በር ሳለ ጀምሮ አብረው ኖረዋል። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚውሉ፣ ከተናገሩት ዝም ያሉት የሚበልጥ ሰው ናቸው። ጭሮ ውስጥ ሐጅ የሚሄድ ሰው የቤቱን ቁልፍ ለማን ልተው ብሎ ሲያስብ መጀመሪያ ትዝ የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የኦቦ ሙሜ ስም ግን ከመቃብር በፊትም በደንብ ይሠራ ነበር።

አሮጌው ዓመት ሊወጣ ሲል ዕቃ ተቆጠረ፤ ቆጠራው ወደ ማሽኑ ገባ፤ ማሽኑም ሲሚንቶ ጎድሏል አለ። ጥቂት ቢሆን ዝናብ ይባል ነበር። የጎደለው ግን ቤት የሚያሠራ ነው።

«ሙሜ፣ ማሽኑ ሲሚንቶ ጎድሏል ይላል» አሉ ሐጂ።

«ወላሂ እኔ አላነሳሁም።»

«አንተ አነሳህ መች አልኩ? ማሽኑ ነው ያለው።»

«ማሽን ይዋሻል እንዴ?»

«ምን ሊጠቀም ይዋሻል?»

ኦቦ ሙሜ ጥቂት አሰቡና ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሐጂ ደግ ሰው ናቸውና አልከሰሷቸውም፤ «በቃ፣ አፉ ብዬሃለሁ» አሏቸው። እስቲ ፍረዱ፤ ያላጠፋ ሰው ይቅር ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል? አሜን ካለ አመነ ይባላል፤ እምቢ ካለ ደግሞ ሰርቆም ጠገበ ይባላል። ኦቦ ሙሜ ብዙም ሳይቆዩ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ በደሳ ከተማ ሄደው ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። ከተማው ደግሞ ነገር አያጣምና «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ብሎ ተረተባቸው።

ቁልፉን የሐጂ እህት ልጅ ተረከበ። መስከረም ከጠባ ወዲህ ታዲያ ጉድ መጣ። ማሽኑ አልቋል የሚለው ሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ ተቆልሎ ይታያል። «ልጁ በረካ አለው» አሉ ሐጂ፤ ሰፈሩም አሜን አለ። በረካው ግን ውሎ አድሮ ገበያ መዝጋት ያዘ። ማሽኑ በመዝገቤ የለም ላለው ሲሚንቶ ደረሰኝ አላትምም ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ደንበኛው ክምሩን እያየ ባዶ አይሱዙውን ይዞ ተመለሰ። እኔ የተጠራሁት ይሄኔ ነው። ሥራዬ ለከተማው ነጋዴዎች ሂሳብ መሥራት ነው። ልብ በሉልኝ፤ ሲጎድል የተጠሩት ኦቦ ሙሜ ናቸው፤ ሲተርፍ ግን ባለሙያ ተጠራ።

እኔም እንደ ማንኛውም ባለሙያ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ከዚያ ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ብዬ የሽያጩን ቀን ወደ ኋላ እያየሁ ስሄድ ከመስከረም አንድ ቀጥሎ ነሐሴ ሠላሳ ላይ ዱብ አልኩ። መሐሉ የለም።

«ማርታ፣ ጳጉሜን ላይ አልሸጣችሁም?» አልኳት። ማርታ ሽያጩንም ቆጠራውንም ወደ ማሽኑ የምታስገባው ጸሐፊ ናት።

«ኧረ እንዴት አንሸጥም! የዓመቱ ትልቁ ገበያችን እኮ ነው። ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለው ማሽኑ እምቢ አለኝ። ሐጂን ስጠይቃቸው መስከረም አንድ ላይ ጻፊው፣ አዲሱ ዓመት በሽያጭ ይከፈት፣ ገድ ነው አሉኝ።»

«ቆጠራውንስ?»

«እሱ የአሮጌው ዓመት ነው ብዬ ነሐሴ ሠላሳ አልኩት።»

ያ ጎልማሳ ፕሮግራሙን በእኛ አቆጣጠር ሲያስተካክል ጳጉሜንን ዘሏታል። በጳጉሜን የተሸጠው ሲሚንቶ በአይሱዙ ተጭኖ ሄዷል፤ ገንዘቡም የሐጂ ካዝና ገብቷል። በማሽኑ ዘንድ ግን ገና አልተሸጠም፤ ስለዚህ ቆጠራው ላይ ሲታጣ ጎደለ ተባለ። ማሽኑ ጎደለ ብሎ አንዴ ከቀነሰው በኋላ፣ መስከረም ሲገባ ያንኑ ሲሚንቶ ተሸጠ ብሎ ሌላ ጊዜ ቀነሰው። የእህት ልጅ በረካ ከዚህ መጣ። ሌባውንም ባለ በረካውንም የፈጠረችው ያቺው ሚጢጢ ወር ናት።

ለሐጂ ስነግራቸው በርጫ ላይ ነበሩ። የያዙትን የጫት እንጨት አስቀመጡ። «ገድ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። መኪናቸው ውስጥ እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ በደሳ ነዱ።

ኦቦ ሙሜን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሐጂ ገና ሳይቀመጡ «ሙሜ፣ በድዬሃለሁ፤ አፉ በለኝ። ሲሚንቶው አልጠፋም፤ ስህተቱ የኛ ነው» አሉ። እኔም የጳጉሜንን ነገር አስረዳሁ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን እየጠቆረ ሄደ።

«አልጠፋም?» አሉኝ።

«አልጠፋም ኦቦ ሙሜ። እርስዎ ምንም አላጎደሉም።»

«ታዲያ ጀማልስ?»

ጀማል የመጋዘኑ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ኦቦ ሙሜን አባ እያለ ነው የሚጠራቸው። ከሁለቱ በቀር መጋዘን የሚገባ ሰው አልነበረም።

«ማሽን አይዋሽም አላችሁኝ» አሉ ኦቦ ሙሜ። «እኔ እንዳልወሰድኩ ደግሞ አላህ ያውቃል። ታዲያ ማን ይቀራል? መስጊድ በር ላይ፣ ሰው ፊት፣ አንተ ነህ የበላኸኝ አልኩት። ወላሂ አባ አለኝ። ምራቄን ተፋሁ። ያን ቀን ከጭሮ ወጣ። በባሕሩ መንገድ ዓረብ አገር ሊሻገር ሄደ ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። የፕሮግራሙን ስህተት ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህን ማን ያስተካክለዋል?

ኦቦ ሙሜ ተነሡና ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «ለእኔ እናንተ መጣችሁልኝ፤ አላህ ይስጣችሁ። እናቱ ያለችው ቦርደዴ ነው። ልጅሽ ሌባ አይደለም ብዬ ልነግራት ይገባኛል» አሉ።

በመጣንበት ተመልሰን፣ ጭሮን አልፈን፣ ወደ ቆላው ወረድን። ቦርደዴ ስንደርስ ቤቱን ጠይቀን አገኘነው። መኪናችን ገና ሲቆም አንዲት ቀጭን ሴት ሻሿን እያስተካከለች ብቅ አለች፤ ኦቦ ሙሜን ስታይ ፊቷ በራ።

«ኦቦ ሙሜ! ጀማል ደወለልዎት? በሰላም ተሻገረ?»

ኦቦ ሙሜ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን መልሳችንን አልጠበቀችም፤ የልጄ ወሬ መጣ እያለች ጎረቤት ተጣርታ፣ ምንጣፍ ልታነጥፍልን ወደ ቤት ገባች።