የትርንጎ ማመልከቻና የአያ ዘለቀ ትራክተር

እኛ የመተማ ቆላ ሰዎች መቀበል እንጂ መሸኘት አልለመድንም። ክረምት ሲገባ ጎጃሙም ወሎውም ለአረም ይወርድልናል፤ ሰሊጥ ሲደርስ ነጋዴው ከጎንደር ይመጣል፤ ሙቀቱማ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ከመጣ ግን አይሄድም። ታዲያ ከመካከላችን አንዷ ተነሥታ «ልሄድ ነው፤ ያውም ባሕር ማዶ፤ ያውም ንግድ ልማር» ስትል ምን እንበል? ንግድ ለመማር ከንግድ ከተማችን ከሸሕዲ መውጣት! ዓሣ ዋና ሊማር ሄደ ቢሏችሁ እናንተስ አትስቁም?

ልጅቱ ትርንጎ ትባላለች። እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዲግሪዋን ይዛ ተመልሳ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ሳለ፣ አንድ ቀን የባሕር ማዶውን ትምህርት ቤት የማመልከቻ ቅጽ ይዛ ቤቴ መጣች። ቅጹ «ሰዎችን የመራሽበትን ጊዜ ግለጪ» ይላል።

«መምህር፣ እኔ ማንንም መርቼ አላውቅም» አለችኝ። ለማልቀስ ምንም አልቀራት።

እኔ ግን ያለፈው አጨዳ ትዝ አለኝ። ሰሊጡ ደርሶ ሳሉግ፣ ይኸ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ጠፋ። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ አፉን ከፍቶ ይረግፋል። አባቷ አያ ዘለቀ በወባ ተኝተዋል። ባለ እርሻዎቹ በሠራተኛ ገበያው መሐል «ውሃው ቅርብ ነው! ምግቡ የሰርግ ነው!» እያሉ ሲምሉ፣ ትርንጎ ድንጋይ ላይ ወጥታ «ውሃው ሩቅ ነው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። የምትበሉትን እበላለሁ፤ ያልኩትን ቀን ሳላሳልፍ እከፍላለሁ» አለች። ለካ ሠራተኛው የተጠማው እውነት ኖሯል። ሠላሳ ሰው ተከትሏት ወጣ፤ ሰሊጡም ሳይረግፍ ገባ።

«ይኸን ጻፊው» አልኳት።

«ይኸም መምራት ነው እንዴ?» አለችና ጻፈችው።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች፣ በኮምፒዩተር። ኔትወርክ ትንሽ ደኅና የሚሆነው በእኔ በረንዳ ላይ ነውና እዚያ ተቀመጠች። እኔና አያ ዘለቀ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ፣ እንዳንታይ፣ ትንፋሻችንን ይዘን ተቀምጠናል። ጠያቂዋ ሴትዮ ክፍያውን በምን ትችይዋለሽ ስትላት ልጅቱ ተንተባተበች።

«ምን አለቻት?» አሉኝ አያ ዘለቀ በሹክሹክታ። ነገርኳቸው።

«ትራክተሬን እሸጣለሁ በያት!» ብለው ጮኹ።

ይኸ ትራክተር፣ ልንገራችሁ፣ ተራ ብረት አይደለም። አባታቸው ከደጋ ወርደው በበሬ ያረሱትን መሬት እሳቸው በትራክተር ለማረስ ግማሽ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል።

ሴትዮዋ «ማነው የጮኸው?» አለች። ትርንጎ አፍራ አባቷን አቀረበቻቸው። አያ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡና፣ በእኔ አስተርጓሚነት፣ «እመቤቴ፣ ትርፍንስ እዚህም እናስተምራታለን። ኪሳራን ታስተምራላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ሴትዮዋ ሣቀችና «ብዙውን ጊዜ የምናስተምረው እሱን ነው» አለች።

«በሉ፣ እንግዲያው ትማር።»

ተቀበሏት። ግማሹን ትምህርት ቤቱ ይሸፍናል፤ ግማሹ የራሷ ነው። አሁን ደግሞ ትርንጎ «ትራክተሩ ከተሸጠ አልሄድም» ብላ ቁጭ። አባትና ልጅ ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። አስታራቂ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ አባትየው እንዳይሸጡ ላግባባ።

«መምህር» አሉኝ አያ ዘለቀ፣ «ትራክተሩን ቆሞም ሠርቶም ያው እርጅና ይበላዋል። እሷ የተማረችውን ግን ማን ይበላዋል?»

እሳቸውን ላግባባ ሄጄ ልጅቱን ሳግባባ አመሸሁ።

ትራክተሩ ተሸጠ። ብሩ ቢገኝም ወደ ውጭ የሚላከው በውጭ ምንዛሪ ነውና ለእሱ አባትና ልጅ ጎንደር ባንክ ቤት አራት ጊዜ ተመላለሱ፤ የክፍያው ቀን ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ተላከ። ትርንጎ ሄደች። አያ ዘለቀ መናኸሪያ ላይ አላለቀሱም። ዘንድሮ ግን ያንኑ ትራክተር ከገዛው ሰው ላይ ተከራይተው፣ ያውም ወረፋ ጠብቀው ሲያርሱ፣ ጎማውን ደባበስ ሲያደርጉት አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ባለፈው እሑድ አብረን ተቀምጠን ሳለ ደወለች። ድምጿ ፈራ ተባ ይላል። የአንድ ቤተሰብን የገንዘብ ውሳኔ መርምሩ ተብለው በክፍላቸው፣ ልጁን ለማስተማር ያለውን አንድ ትራክተር ስለሸጠ ገበሬ ጽፋ ኖሯል።

«አባዬ፣ ይቅር በሉኝ። አሰላሁት፤ ውሳኔው ስሕተት ነው ብዬ ጻፍኩ።»

አያ ዘለቀ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ስንት ሰጡሽ?»

«ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።»

«አንደኛ ከወጣሽማ ምኑን ተሳሳትኩ!»